ካገር የራቀ ሰው ሲመለስ

ዛሬ በየቀበሌያችን ወደ ውጭ አገር የሄደ ሰው አይጠፋም። አንዱ አሜሪካ ነው፤ አንዷ ቤሩት ናት፤ ሌላው ደቡብ አፍሪካ ነው። ሲሄዱ አልቅሰን ሸኘናቸው። ሲመለሱ እልል ብለን እንቀበላቸዋለን። በግ ይታረዳል፤ ጠላው ይቀዳል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል።

ነገር ግን የመጣው ሰው አንዳንድ ጊዜ በግብዣው መካከል ዝም ይላል። ፊቱ ይከፋዋል። አንዳንዱም ወር ልቀመጥ ብሎ መጥቶ በሁለት ሳምንቱ «ልሂድ» ይላል። እኛም «ምነው? ምን ጎደለበት?» እንላለን። እሱም ቢጠየቅ አጥርቶ አይናገረውም። ደስ ብሎታል፤ ከፍቶታልም። በዚህ ትምህርት የዚህን ነገር ምክንያት እንመለከታለን።

ስደት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም

ጎጃም ከጥንት ጀምሮ ከቤት የሚወጣውን ሰው ያውቃል። የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከእናቱ ቤት ይወጣል። ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ወደ ዲማ እያለ ቅኔ ሲቆጥር ዓመታት ያልፋሉ። ሲመለስ ታናሹ አድጎ ሊያውቀው ይቸግራል። እንደዚሁም ብዙ ጎልማሳ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርድ ነበር።

ባሕር ማዶ መሄድ የበዛው ግን ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ወጣት እስራትንና ሞትን ፈርቶ በእግሩ ወደ ሱዳን ተሻገረ። አሜሪካ በ1972 ዓ.ም. የስደተኞች ሕግ አወጣች። በዚያ ሕግ ብዙ ኢትዮጵያዊ ገባ። በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋም ብዙው ሰፈረ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ ሥራ ፍለጋ የሚሄደው በዛ። በተለይ ሴቶች ልጆቻችን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገሮች ሄዱ።

ርቆ የኖረ ሰው ሁሉ አገሩን ረስቷል ማለት አይደለም። ለዚህ አንድ ምስክር እንጥቀስ። ደራሲው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎዛምን እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ተዋግተው ተማረኩና ወደ ኢጣሊያ ተወስደው ለዓመታት ታሰሩ። ከዚያም በኋላ በመንግሥት ሥራ በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተንና በለንደን ኖረዋል። እንዲህ ርቀው የኖሩት ሰው በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን መጽሐፍ ሲያሳትሙ ታሪኩን ያቆሙት በጎጃም ምድር ላይ ነው። መጽሐፉ በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲነበብ ማንበብ የማይችለውም ሰው ሰምቶታል። የገበሬውንና የባላገሩን ኑሮ እንዲያ አጥርተው የጻፉት በልባቸው ይዘውት ስለዞሩ ነው።

የተመለሰው ሰው ምን ያያል?

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገደኛው ፍቼን አልፎ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ የዓባይ በረሃ ከፊቱ ይዘረጋል። ከዚያ በጠመዝማዛው መንገድ እየወረደ ሙቀቱን ያገኘዋል። ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን ላይ ሲወጣ የደጋው ነፋስ ፊቱን ይመታዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያለቅሳል። «አገሬ ገባሁ» ይላል።

ግን የሚያየው አገር ትቶት የሄደው አይደለም። የተሻገረበት ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራ አዲስ ድልድይ ነው። አሮጌው ድልድይ ከጎኑ አለ። በደብረ ማርቆስ በ1997 ዓ.ም. የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ አለ። ጋሪ በነበረበት ባጃጅ ይሮጣል። በገጠሩ የሣር ክዳን ቤት እየቀነሰ ቆርቆሮው በዝቷል። ጤፍ የተዘራበት ማሳ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። ልጅ ሆኖ ከብት የጠበቀበት መስክ ታርሷል።

አገር መለወጡ ክፉ ነገር አይደለም። የከተማዋ ስም እንኳ ተለውጧል። ደብረ ማርቆስ በፊት መንቆረር ትባል ነበር። የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ስም ያወጡላት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ለእኛ ለውጡ ቀስ በቀስ ስለመጣ አይታወቀንም። ጥጃ በየቀኑ ሲያድግ ባለቤቱ እንደማያስተውለው ማለት ነው። ለሃያ ዓመት ርቆ ለቆየው ግን ሁሉም በአንድ ቀን ይመጣበታል። በልቡ ይዞት የኖረው መንደር የጠፋ ይመስለዋል። ከፊቱ ያለውን አገር ደግሞ ገና አላወቀውም። ደስታውና ኀዘኑ የሚደባለቁት ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው የመሬት ነገር ነው። እኛ ጎጃሞች ርስት የሚለውን ቃል ከእናት ጡት ጋር ጠብተነዋል። የተመለሰው ሰው «የአባቴ እርሻ የታለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ነገር ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ከዚያም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተከፋፈለ። ኋላም ባለይዞታው ደብተር ተሰጠው። ስለዚህ አባቱ ያረሱት ማሳ ዛሬ በሌላ ሰው ደብተር ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን በመጣ ዕለት ከሰካራም አፍ ከሚሰማ፣ ከወንድሙ ወይም ከሽማግሌ አፍ በጊዜው ቢሰማ ይሻላል። ብዙ የወንድማማች ጠብ የሚነሣው ነገሩ ሳይገለጽ እየቆየ ነው።

የተሸሸገ መርዶ

ከሁሉ የከበደው መርዶ ነው። በእኛ ባህል የሞት ወሬ በመንገድ ላይ አይነገርም። ሽማግሌዎች ማልደው ሄደው፣ ሰውየውን አስቀምጠው፣ አብረው እያለቀሱ ነው የሚያረዱት። ይህ ሰውን ብቻውን እንዳይሰበር የሚደግፍ ጥሩ ሥርዓት ነው።

ነገር ግን ልጅ ባሕር ማዶ ሲሆን አንዳንድ ቤተሰብ መርዶውን ይሸሽጋል። «በሰው አገር ብቻዋን ታለቅሳለች፤ ስትመጣ ትስማ» ይባላል። ስልክ ስትደውል «እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ይሏታል። በሚቀጥለው ጊዜ «ጉሮሮዋን አሟት ድምፅዋ ተዘግቷል» ይሏታል። ልጅቷ ለእናቷ ነጠላና ጫማ ገዝታ ትመጣለች። በሩ ላይ ቆማ ትጠይቃለች።

«እማዬስ?»

«ግቢ እስቲ እታለም፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

ያን ጊዜ ገብቷታል። አርባው ወጥቷል፤ ሙት ዓመቱ አልፏል። መንደሩ አልቅሶ ጨርሷል። እሷ ግን ገና መጀመሯ ነው። ሰው ለእንኳን ደህና መጣሽ ሲመጣ እሷ ለቅሶ ትቀመጣለች። ከእናቷ ሞት ሌላ «ለምን ዋሻችሁኝ?» የሚል ሁለተኛ ኀዘን ይጨመርባታል።

ስለዚህ ምን ይሻላል? ባሕር ማዶም የአገር ሰው አለ። ማኅበር አለ፤ ብዙ ቦታም ቤተ ክርስቲያን አለ። ቤተሰቡ እዚያ ላሉት ለሚቀርቧት ሰዎች ቢነግር እነሱ እንደ ሥርዓቱ ማልደው ሄደው ያረዷታል። አብረዋት ያለቅሳሉ፤ ያስተዛዝኗታል። ስትመጣም መቃብሩን ለማየት ልቧን አዘጋጅታ ትመጣለች።

የሌላውን አገር ልማድ ማወቅም ይጠቅማል። አየርላንድ የምትባል የአውሮፓ አገር አለች። የዚያ አገር ድኻ ገበሬ በድንች ይኖር ነበር። በ1845 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ድንቹን በሽታ ገባበትና ረሀብ ሆነ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ አንድ ሚሊዮን ያህልም ተሰደደ። በዚያ ዘመን ወደ አሜሪካ የሚሄድ ልጅ ተመልሶ አይታይም ነበር። ስለዚህ በሚሄድበት ዋዜማ ሌሊት ቤተሰቡ ለሞተ ሰው እንደሚደረገው ለቅሶ ይቀመጥለት ነበር። የእነሱ ልጅ ሲሄድ በቁሙ ተለቀሰለት። የእኛ ሰው ግን ዛሬ በአውሮፕላን ይመለሳል። ስለዚህ እኛ ከእነሱ የበለጠ ዕድል አለን። መልሰን ልናየው እንችላለን።

የገንዘብ ነገር

ከውጭ የመጣ ሰው ገንዘብ እንደ ወንዝ ውሃ የሚቀዳ የሚመስለው ብዙ ነው። እስቲ እናስላው። በአሜሪካ በአገር አቀፍ ሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ ከ2001 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። በቀን 8 ሰዓት የሠራ 58 ዶላር ያገኛል። በወር 22 ቀን ቢሠራ 1276 ዶላር ይሆናል። በብር ሲመነዘር ብዙ ነው። ነገር ግን የሚበላውም የሚከራየውም እዚያው በዶላር ነው። በትልልቅ ከተሞች ክፍያው ከዚህ ከፍ ይላል፤ ኪራዩ ደግሞ አብሮ ይወጣል። በዋሽንግተን ባለ አንድ መኝታ ቤት በወር ከ1000 ዶላር በላይ ይከራያል። ስለዚህ ብዙው ሰው ቀን አንድ ሥራ፣ ማታ ሌላ ሥራ ይሠራል። የአውሮፕላኑን ዋጋ ለዓመታት አጠራቅሞ ነው የሚመጣው።

የመጣው ሰው ደግሞ ይህን መናገር ያፍራል። ለሁሉም ልስጥ ይላል፤ አይበቃውም። ለአንዱ ሲሰጥ ሌላው ይቀየማል። ሰው ሊያየው ሲመጣ «ናፍቆኝ ነው ወይስ ሊለምነኝ?» እያለ መጠርጠር ይጀምራል። ይህ ጥርጣሬ ከድካም ይልቅ ሰውን ያሳዝናል።

ባዶ እጁን የተመለሰም አለ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት ጀመረች። በጥቂት ወር ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ብዙዎቹ የለፉበትን ገንዘብ እንኳ አልያዙም ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው «ምን ይዘህ መጣህ?» ማለት ቁስሉን መንካት ነው። መጀመሪያ «እንኳን በሕይወት መጣህ» ይባላል።

በአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው

ሕጉም የራሱ ነገር አለው። በኢትዮጵያ ሕግ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱ ይቀራል። ስለዚህ በጎዛምን የተወለደው ሰው በወረቀት የውጭ አገር ሰው ሆኖ ይገባል። ይህን ችግር ለማቃለል በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ። በአዋጁ መሠረት ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ይሰጣል። ሕዝቡ ቢጫ ካርድ ይለዋል። ካርዱን የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል።

እዚያ «ከየት አገር ነህ?» ይሉታል። እዚህ ደግሞ ልጆች «ፈረንጅ መጣ» ይሉታል። እዚያም እንግዳ፣ እዚህም እንግዳ ይሆናል። እዚያ የተወለዱ ልጆቹ አማርኛ ካልቻሉ አያታቸው በዓይን ብቻ ያዩአቸዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ጉዞው ለብዙ ሰው አስጊ ሆነ። ናፍቆቱ እያለ ልቡ የፈራ ብዙ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መርዶና የመሬት ጉዳይ ሳይሸሸግ በሽማግሌ አፍ በጊዜው ይነገር።

ሁለተኛ፣ የመጣውን ሰው ሁሌ በእንግዳ ወንበር አናስቀምጠው። ማሳ ይውረድ፤ ውሃ ይቅዳ፤ ከብት ያግባ። ሰው አገሩን የሚያገኘው ከግብዣው ይልቅ በሥራው ውስጥ ነው። ልጆቹም ቡና ይቁሉ፤ ጥጃ ይያዙ። ለዚህ ብዙ ቋንቋ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ስለ ገንዘብ ከመጠየቃችን በፊት ስለ ኑሮው እንጠይቀው። «እዚያ ምን ትሠራለህ? ማን አብሮህ አለ? ስትታመም ማን ያይሃል?» እንበለው። ይህን የሚጠይቀው ያጣ ሰው ብዙ ነው።

አራተኛ፣ ዛሬ ማንበብና መጻፍ ስለቻልን የራሳችንን ደብዳቤ ወይም የስልክ መልእክት በራሳችን እጅ እንጻፍለት። ቀድሞ ምሥጢራችንን በሌላ ሰው እጅ እናስጽፍ ነበር። አሁን ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወለደ፣ የትኛው መስክ እንደታረሰ በየጊዜው ብንጽፍለት ለውጡ በአንድ ቀን አይወድቅበትም። እሱም እንደ እኛ ቀስ በቀስ ያየዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ለተመለሰ ሰው የአገሩ ለውጥ ከእኛ ይልቅ የሚከብደው ለምንድን ነው?
2. መርዶ መሸሸግ ይሻላል ወይስ መናገር? በቡድን ሆናችሁ ተከራከሩ።
3. አንድ ሰው በቀን 58 ዶላር ቢያገኝ በ5 ቀን ስንት ያገኛል?
4. ከቀበሌያችሁ ወጥቶ ለሚኖር አንድ ዘመድ ባለፈው ዓመት የተለወጡትን ሦስት ነገሮች የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ጻፉ።

የቃላት ፍቺ

ዜግነት — የአንድ አገር ሰው ሆኖ በሕግ መታወቅ
ትውልደ ኢትዮጵያዊ — በትውልዱ ኢትዮጵያዊ ሆኖ የሌላ አገር ዜግነት ያለው
ቪዛ — ወደ ሌላ አገር ለመግባት የሚሰጥ ፈቃድ
ባለይዞታ — በመሬቱ የመጠቀም መብት ያለው ሰው