ሚሞሪና ባትሪን አብሮ መያዝ

የታብሌት ወይም የስልክ ሚሞሪ ካርድ ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች አንዱ ባትሪ ነው። ፋይል እየተገለበጠ ሳለ መሣሪያው ድርግም ካለ፣ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚያሳየው መዝገብ ሳይሞላ ይቀራል። ፎቶው ካርዱ ውስጥ እያለ የሚያገኘው ይጠፋል።

የመጀመሪያው ሥራ ካርዱን መፈተሽ ነው። ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት ተብሎ የተጻፈበት ካርድ ውስጡ 8 ብቻ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ግን 128 ያሳያል፤ ካርዱ እንደዚያ ብሎ እንዲመልስ ተደርጎ የተሠራ ነውና። ጉዱ የሚታየው እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ነው፤ ከዚያ በኋላ የገባው ፋይል ይበላሻል ወይም የቀድሞውን ይደመስሳል። ስለዚህ ገና ባዶ እያለ በኮምፒውተር ይሞክሩት። ለዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብሊው፣ ለሊኑክስ ኤፍ3 የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ካርዱን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው ያነቡታል። ትልቅ ካርድ ሰዓታት ይወስዳል። የልጅ ክርስትናና የምረቃ ፎቶ የሚቀመጥበት ነገር ስለሆነ ግን ሰዓቱ አይቆጭም። ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ኮምፒውተር ላይ 59 ተኩል ገደማ ቢል አይደንግጡ፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።

ቀጥሎ ካርዱን እዚያው የሚሠራበት መሣሪያ ላይ ፎርማት ያድርጉት። ከአንድሮይድ 6 ወዲህ አንዳንድ መሣሪያዎች ካርዱን ከውስጥ ሚሞሪ ጋር ልቀላቅለው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። እኔ አልመክርም። የተቀላቀለ ካርድ በዚያ መሣሪያ ብቻ እንዲነበብ ይቆለፋል፤ መሣሪያው ከተሰበረ ፎቶዎቹም አብረው ይቀራሉ።

ከዚያ የካሜራውን ማስቀመጫ ወደ ካርዱ ያዙሩ፤ ፊልሙንና መዝሙሩንም እዚያው ይውሰዱ። አፖቹ ግን የውስጥ ሚሞሪው ላይ ይቆዩ። ቦታው አሁንም ከጠበበ ቴሌግራምን ይመልከቱ። በሴቲንጉ ውስጥ የዳታና ማከማቻ ክፍል ገብተው የተጠራቀመውን ያጽዱ፤ ከቻናሉ ወይም ከቻቱ ካልተሰረዘ ሲፈልጉት እንደገና ይወርዳል። በራሱ የሚያወርደውን ካጠፉት ደግሞ ፓኬጅዎም ባትሪዎም ይተርፋል።

ባትሪውን ይበልጥ የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ነው፤ ብርሃኑን ይቀንሱ። ኔትወርክ በደከመበት መንገድ ላይም መሣሪያው ሲግናል ሲፈልግ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ጥሪ ካልጠበቁ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት። የባትሪውን ዕድሜ የሚያሳጥረው ግን ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ ወይም ትራስ ሥር ቻርጅ አያድርጉ። ቢቻል ከ20 እስከ 80 በመቶ መካከል ያቆዩት፤ ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ግማሽ ድረስ ሞልተው ያጥፉት። ጀርባው ካበጠ ቻርጅ ማድረጉን ያቁሙና ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት፤ ራስዎ ለመጫን ወይም ለመብሳት አይሞክሩ።

መብራት በጠፋ ቀን፣ ባትሪው ከ20 በመቶ በታች ከወረደ ፋይል አይገልብጡ። ካርዱን ሲያወጡም መጀመሪያ ከሴቲንግ ያላቅቁት። አንድ ቀን «ካርዱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ?» ቢልዎት እሺ አይበሉ። አውጥተው በካርድ ሪደር ኮምፒውተር ላይ ይሰኩት፤ የሚነበበውን ሁሉ ከገለበጡ በኋላ ፎርማቱ ይደርሳል።