አውቶሞቢል ወይስ ኤስ.ዩ.ቪ.? የመስክ ጥናት ተሽከርካሪን በመንገዱ የከፋ ኪሎ ሜትር ስለ መምረጥ

በጥናት ፕሮፖዛሎቻችን ውስጥ የናሙና አመራረጥ በገጾች ይብራራል፤ የተሽከርካሪ አመራረጥ ግን በበጀት ሠንጠረዥ ውስጥ አንዲት መስመር ብቻ ናት። የጥናቱ ቦታ ገጠር ከሆነ «ላንድ ክሩዘር፣ ይህን ያህል ቀን» ተብሎ ይጻፋል። ገንዘቡ ሳይበቃ ሲቀር የሚቀነሰው ተሽከርካሪው ሳይሆን የመስክ ቀኑ ነው፤ ቀኑ ሲያጥር ደግሞ ከአስፋልት የራቁት ቀበሌዎች በቅርቦቹ ይተካሉ። በዚህ መንገድ የመኪናው ምርጫ ሳይታሰብ የናሙናው ምርጫ ይሆናል። ሮበርት ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው የገጠር ልማት መጽሐፉ ይህን ዝንባሌ በግልጽ ጠቅሶታል፤ ተመራማሪው አስፋልትንና የመንገድ ዳርን ተከትሎ ይሄዳል፣ የሚሄደውም በበጋ ነው። በእኛ አገር የሁለተኛው ጉዳት ከፊተኛው የሚያንስ አይመስለኝም። በብዙ የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች ጎተራ የሚራቆተው በክረምት፣ ማለትም መንገዱ በሚከፋበት ወቅት ነው። ስለ ምግብ እጥረት በጥር ወር የሚጠይቅ ጥናት የሚያገኘው አዝመራው የገባለትን ቤት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ምርጫው ከተሽከርካሪው ዓይነት ሳይሆን ከመንገዱ የከፋ ኪሎ ሜትር መጀመር አለበት የሚል ነው። ከ200 ኪሎ ሜትር ጉዞ ውስጥ 190ው ማንኛውም መኪና የሚሄድበት ሊሆን ይችላል፤ የሚወስነው ቀሪው 10 ነው። ከዚያም ውስጥ ቢሆን የሚወስነው አንድ ወንዝ መሻገሪያ ወይም አንድ ዳገት ነው።

አስቀድሞ ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኤስ.ዩ.ቪ. የሚለው ቃል ሁለት በጣም የተለያዩ ተሽከርካሪዎችን በአንድ ላይ ይጠራል። አንደኛው እንደ ላንድ ክሩዘር 70 ያለ፣ እንደ ጭነት መኪና በብረት ሻንሲ ላይ የተሠራ፣ አራቱንም ጎማ የሚያዞርና የዳገት ከባድ ማርሽ ያለው ነው። ሁለተኛው በአውቶሞቢል አካል ላይ የተሠራና ጥቂት ከፍ ያለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ራቭ 4 የዚህ ዓይነቱ ቀደምት ምሳሌ ሲሆን፣ ዛሬ ከሚታዩት መካከል ብዙዎቹ የፊት ጎማቸውን ብቻ የሚያዞሩ ናቸው። ለመስክ ሥራ «ኤስ.ዩ.ቪ. ተከራየሁ» ብሎ ሁለተኛውን ይዞ የሚወጣ ሰው በመሠረቱ የተከራየው ረዘም ያለ አውቶሞቢል ነው።

ከመሬት ያለው ከፍታ

አውቶሞቢልን ከገጠር መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀረው የጎማው መንሸራተት ሳይሆን የሆዱ መነካት ነው። እንደ አይሱዙ ያሉ የጭነት መኪኖች በእርጥብ አፈር ላይ ሁለት ጥልቅ የጎማ ቦይ ያወጣሉ፤ በመካከሉ የሚቀረው ጉብታ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ኮሮላን የመሰለ አውቶሞቢል እንደ ሞዴሉ ከ13 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር፣ በአውቶሞቢል አካል ላይ የተሠራው ኤስ.ዩ.ቪ. ከ17 እስከ 20፣ ላንድ ክሩዘር 70 ደግሞ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከመሬት ከፍ ይላሉ። ጉብታው 18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የአውቶሞቢሉ ኮፓ ይመታል፤ ኮፓው ከተቀደደ ዘይቱ ይፈስሳል፣ የዕለቱም ሥራ በዚያው ያበቃል።

እነዚህ ቁጥሮች ግን የባዶ መኪና ቁጥሮች ናቸው፤ በኪራይ ውል ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። አምስት ሰው፣ የአፈር ናሙና የያዙ ከረጢቶችና የውኃ ጀሪካኖች ሲጫኑ የአውቶሞቢሉ ሞላ ይታመቃል፣ ወለሉም ከነኮፓውና ከነጭስ ማውጫው በርከት ባሉ ሴንቲ ሜትሮች ዝቅ ይላል። በላንድ ክሩዘር 70 ላይ ነገሩ ከዚህ ይለያል። የዚህ መኪና ዝቅተኛ አካል በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው የዲፈረንሻል እንብርት ነው፤ እንብርቱ ደግሞ ከጎማዎቹ ጋር በአንድ ጠንካራ አክስል የተያያዘ በመሆኑ ጭነቱ የሚያወርደው ከላይ ያለውን አካል እንጂ እርሱን አይደለም። ስለዚህ በወረቀት ላይ 8 ሴንቲ ሜትር የነበረው ልዩነት ሁለቱም መኪኖች በተጫኑ ጊዜ ከ10 ሊበልጥ ይችላል። ትልቅ ጎማ በመግጠም አውቶሞቢሉን ከፍ ለማድረግ የሚደረገው ሙከራ ብዙም አይጠቅምም፤ የጎማው ስፋት ከዳር እስከ ዳር በ2 ሴንቲ ሜትር ቢጨምር ከፍታው የሚጨምረው በ1 ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ምክር ቀላል ነው። በቅኝት ጉዞ ወቅት ሜትር ይዞ በከፋው ቦታ ላይ ጉብታውን መለካት፣ ከዚያም የሚከራዩትን መኪና በጭነት ልክ ሰው አስቀምጦ ከስሩ መለካት ይቻላል። የአካባቢውን ሰው ስንጠይቅም «መኪና ይገባል ወይ?» ማለት አይበቃም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ይገባል» ነው። «ባለፈው ነሐሴ የገባው የትኛው መኪና ነው? ስንት ሰው ጭኖ? ወጣ ወይስ ተገፋ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሚኒባስ በየገበያው ቀን ሰው ጭኖ የሚመላለስበት መንገድ ከሆነ አውቶሞቢልም ብዙ ጊዜ ያልፋል። ባጃጅ ግን እንደ ማስረጃ አይወሰድ፤ ቀላልና ጠባብ በመሆኑ መኪና በማይገባበት በቦዩና በጉብታው መካከል ጎማውን አዛንቆ ይሄዳል።

ጭቃና ዳገት

አራቱንም ጎማ የሚያዞር መኪና በእርግጥ የሚለየው እርጥብ ዳገት ላይ ነው። በጎማና በመንገድ መካከል ያለው የሰበቃ መጠን 0.3 ነው እንበል። የፊት ጎማውን ብቻ የሚያዞርና ሰው የጫነ አውቶሞቢል ከጠቅላላ ክብደቱ ግማሹ ያህል ብቻ በሚያዞረው ጎማ ላይ ያርፋል፤ ዳገት ሲወጣ ደግሞ ከዚያው ላይ ጥቂቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። በዚህ ስሌት ሊወጣው የሚችለው ዳገት 15 በመቶ ገደማ ነው። አራቱንም ጎማ እኩል የሚያዞረው እስከ 30 በመቶ ይወጣል። ጭቃው ጎማውን ወደ ኋላ የሚጎትትበት ኃይል ከሁለቱም ላይ ይቀነሳል፤ ከ15 ላይ ሲቀነስ ግን ብዙ አይተርፍም። (የቀድሞዎቹ ኮሮላዎች የኋላ ጎማ የሚያዞሩ ስለ ነበሩ፣ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ለዳገት እንደ ጭነት ያግዛቸው ነበር። «የድሮው ኮሮላ የማይወጣው ዳገት አልነበረም» የሚሉ ሹፌሮች ከትዝታ ብቻ አይናገሩም።) በደረቅ ጠጠር ላይ ሰበቃው 0.6 ቢሆን ያው አውቶሞቢል 28 በመቶ ያህል ይወጣል፤ እንዲህ የቀና የተሠራ መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሥራው በኅዳርና በግንቦት መካከል ለሆነና የበልግ ዝናብ ለማይበረታበት አካባቢ፣ የአራት ጎማ ኃይል በአመዛኙ ያለ ሥራ የሚከፈልበት ነው።

ጥቁር አፈር ግን ይህን ስሌት ያፈርሰዋል። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍነው ይህ አፈር፣ በኢነዋሪ፣ በጊንጪና በቢቸና አካባቢ እንደሚታየው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል፣ ጎማ ላይም ይለጠፋል። የጎማው ጥርስ በጭቃ ከተሞላ በኋላ መኪናው የሚሄደው በጭቃ በተለበጠ ለስላሳ ጎማ ነው። ሰበቃው ወደ 0.15 ሲወርድ አራቱንም ጎማ የሚያዞረውም ከ15 በመቶ ዳገት በታች ይቀራል። ከዚህም የሚከፋው ማቆም ነው፤ ፍሬን በአውቶሞቢልም በላንድ ክሩዘርም የሚይዘው አራቱንም ጎማ ነውና በዚህ ረገድ ውዱ መኪና ምንም ብልጫ የለውም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ሰበቃው 0.3 ሲሆን ለመቆም 21 ሜትር፣ 0.15 ሲሆን 42 ሜትር ይፈልጋል። አራት ጎማው ወደ ውስጥ አስገብቶን ቁልቁለቱ ላይ ይተወናል ማለት ነው። በጥቁር አፈር ላይ ለክረምት ሥራ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ጥርሱ ሰፊ የጭቃ ጎማ፣ ቀጥሎም ዝናብ ካቆመ በኋላ ግማሽ ቀን የመጠበቅ ትዕግሥት ነው፤ ሁለቱንም በበጀት ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

ወጪና ደኅንነት

የ4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ያለው ላንድ ክሩዘር በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ገደማ፣ አውቶሞቢል ደግሞ 7 ወይም 8 ሊትር ይፈጃል። በ400 ኪሎ ሜትር የደርሶ መልስ ጉዞ ልዩነቱ ከ20 ሊትር በላይ ነው። የዕለት ኪራዩ ልዩነት ግን ከነዳጁ ይብሳል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ትልቅ ሞተር ባላቸውና በቆዩ መኪኖች ላይ የጣለው ከፍተኛ ግብር ባለንብረቱ ከተከራዩ የሚመልሰው ወጪ ሆኗል።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ብቻ ላንሳ፤ ከፍ ያለ መኪና ደኅንነቱ የተጠበቀ ይመስላል፣ ለመገልበጥ ግን ይቀርባል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ለአውቶሞቢል ብዙውን ጊዜ ከ1.3 እስከ 1.5፣ ለኤስ.ዩ.ቪ. ከ1.0 እስከ 1.3 ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል። ጣራው ላይ የናሙና ሳጥንና ጀሪካን ሲታሰር የክብደት ማዕከሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቁጥሩም ከዚህ በታች ይወርዳል። እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበ የጠጠር መንገድ ላይ በፍጥነት ለሚነዳ ቡድን ይህ ከጭቃው የበለጠ አስጊ ነው። ከባድ ዕቃ ወለል ላይ፣ ጣራ ላይ ፍራሽና ድንኳን ብቻ።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ጥያቄውን ሌላ መልክ ሰጥቶታል። የኤሌክትሪክ መኪና ኃይሉ በከፍታ ቦታ አይቀንስም፤ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር ግን በ2,500 ሜትር ላይ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሆኖም የኤሌክትሪኩ መኪና ባትሪ የተዘረጋው ወለሉ ስር ነው። ኮፓ ቢቀደድ ይበየዳል፤ ባትሪው ቢመታ ግን በወረዳ ከተማ የሚጠግነው አይገኝም። ስለዚህ ለእርሱ የጉብታው ልኬት ከማንም ይልቅ ያስፈልጋል።

በእኔ ግምት የከፋው ኪሎ ሜትር ከአውቶሞቢል አቅም በላይ ሆኖ የቀረው መንገድ ደህና ሲሆን፣ ለሁሉም ቀን ላንድ ክሩዘር ከመከራየት ይልቅ እስከ መገንጠያው በአውቶሞቢል ወይም በሚኒባስ ሄዶ ከዚያ ወዲያ በእግር ወይም በበቅሎ መቀጠል የተሻለ ነው። ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግር መንገድ የአካባቢው ጠያቂዎችና ተጠያቂዎች በየገበያው ቀን የሚሄዱት ነው። በዚህ የተረፈው የኪራይ ገንዘብ ሁለት ወይም ሦስት የመስክ ቀን ይገዛል፤ እነዚያ ቀናትም በፕሮፖዛሉ የተጻፉትን ሩቅ ቀበሌዎች ከናሙናው ሳያስወጡ፣ ምናልባትም በነሐሴ፣ ለመድረስ ያስችላሉ። ከባድ መሣሪያ ለሚያጓጉዝ ወይም ሕመምተኛ ለሚያመላልስ ጥናት ግን ይህ አይሠራም፤ ለዚያ ላንድ ክሩዘሩን ከነጭቃ ጎማው መጠየቅ፣ በፕሮፖዛሉም ላይ ምክንያቱን በልኬት ማስረዳት ይገባል።