ከመካነ ሰላም የወረደው አሸዋ የት ደረሰ?

 

በሐምሌ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ወደ ዐባይ ሸለቆ የተመለከተ ሰው የሚያየውን ታውቁታላችሁ። ጅረቱ ሁሉ ቡናማ ነው። በሱረቱ ረዕድ ስለ ጎርፍና ስለ አረፋው የመጣውን ምሳሌ በኹጥባ ደጋግማችሁ ሰምታችኋል። ዛሬ አረፋውን ትተን ከሥር የሚንከባለለውን አሸዋ እንከተለው። መድረሻው የባህር ዳርቻ ነው። ወይም ነበር ብንል ይሻላል።

መጀመሪያ ግን ወደ በሽሎ እንውረድ። በግንቦት ውሃው ሲያንስ፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አንድ ጎኑ መሬት የያዘ፣ ጫፉ ውሃ ውስጥ የገባ ረጅም አሸዋ ታያላችሁ። ምላስ ይመስላል። ክረምቱ አልፎ በኅዳር ስትመለሱ ግን እንደነበረ አታገኙትም፤ ወይ ረዝሟል፣ ወይ ጠቧል፣ ወይ ወደ ታች ወርዷል። የሚሮጥ ውሃ አሸዋ ይሸከማል፣ ሲዘገይ ያራግፋል። ነገሩ ይኸው ነው።

ባህር ላይ ደግሞ ዋናው ገፊ ማዕበል ነው። ማዕበል ብዙ ጊዜ ወደ ዳርቻው ቀጥ ብሎ አይመጣም፤ በሰያፍ ነው የሚመታው። አሸዋዋን በሰያፍ ወደ ላይ ይገፋታል፤ ውሃው ሲመለስ ግን ቁልቁል ቀጥ ብሎ ይዟት ይወርዳል። እንደገና በሰያፍ ወደ ላይ፣ እንደገና ቀጥ ብሎ ወደ ታች። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንዲህ እየተንገዳገደች ዳርቻውን ይዛ ትጓዛለች። የወንዝ አፍ ጋ ስትደርስ መሬቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ጉዞው ግን አይታጠፍም። አሸዋው ከዳርቻው ተላቆ ጸጥ ወዳለው ውሃ ይገባና ይቀመጣል። በላዩ ሌላው ይደረባል። ምላሱ አፉን ሊዘጋ ይዘረጋል። (አፍ ያለ ምላስ አይሆንም መቼም!) ጫፉን ዞሮ የሚመጣው ማዕበል ደግሞ እንደ ከዘራ እጀታ ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል። ወንዙ ሲሞላ ይጥሰዋል፤ ኃይለኛ ነፋስ የመጣበት ሌሊትም ይቆርጠዋል።

ስለዚህ የአሸዋ ምላስ እንደ ተራራ አንዴ ተሠርቶ የቆመ ነገር አይደለም። የነጋዴ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሱቁ ሙሉ የሚመስለው የተሸጠው በየጊዜው ስለሚተካ ነው። ዕቃ ማስገባቱ ሲቆም ገበያተኛው መግዛቱን አያቆምም።

ይህ በትክክል የደረሰባት ከተማ አለች፤ ግብፅ ውስጥ ራሺድ ትባላለች። ዐባይ ሜዲትራኒያን ባህርን የሚቀላቀለው በሁለት አፍ ነው፤ በምዕራብ በራሺድ፣ በምሥራቅ በዲምያጥ በኩል። ወንዙ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለልና አሸዋ ይዞ ይወርድ ነበር። አብዛኛው የሚነሳው ከእኛ ደጋ ነው። በራሺድ ዳርቻ ጥቁር አሸዋ አለ፤ ጥቁረቱን ካገኘባቸው ማዕድናት ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ደጋ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ስብርባሪ ናቸው። ሱብሐነላህ! በግቢያችሁ አጥር የተደረደረው ጥቁር ድንጋይ ዘመዱ እዚያ ባህር ዳር ተኝቷል።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን የማምሉኩ ሱልጣን ቃይትባይ የወንዙን አፍ እንዲጠብቅ ምሽግ አሠርቶ ነበር። ታዋቂው የራሺድ ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1799 የተገኘው እዚያው ነው። ዛሬ ባህሩ ከምሽጉ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። መሬቱ በእኛ አፈር አድጎ ጥሎት ሄደ ማለት ነው።

ከዚያ ግን ተገላበጠ። የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1902 ተጠናቀቀ፤ ትልቁ የአስዋን ግድብ ደግሞ ከ1964 ጀምሮ ውሃ ሲይዝ አሸዋውንም ያዘ። ማዕበሉ ግን ሥራውን አላቆመም። በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ ባህሩ በራሺድ በኩል ኪሎ ሜትሮች ገባ። አፉን ጠርጎ ይከፍት የነበረው የክረምት ሙላትም ስለቀረ፣ የወንዙ መውጫ በአሸዋ እየተዘጋ ጀልባ አስቸገረ። በዲምያጥ ደግሞ ከአፉ አካባቢ የተሸረሸረው አሸዋ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ አዲስ ረጅም ምላስ ሠራ። ሲያዩት መሬት የተወለደ ይመስላል፤ ግን ከጎረቤት የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ በራሺድ የባህር ግንብ ተሠራ። ግንቡ የቆመበት ቦታ ዳነ፤ ሽርሸራው ከግንቡ ጎን ወዳለው ዳርቻ ዞረ። ግንብ ማዕበል ይመልሳል እንጂ አሸዋ አያመጣም።

አንዳንድ ሰው የዐባይን ችግር ሁሉ በሕዳሴ ግድብ ላይ ይለጥፋል። ሕዳሴ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ የራሺድ አሸዋ ግን ከዚያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ቀርቷል። አሁን የእኛ አፈር ጉባ ላይ ሐይቁ ሥር ይተኛል። ይህ ለእኛ ገበሬ ትርፍ ነው የሚል ካለ አልስማማም። ከሐይቅ ሥር ያለ አፈር ስንዴ አያበቅልም፤ የግድቡንም ሆድ ይሞላል። ከቦረና ማሳ የወጣ አፈር ራሺድ ደረሰ ጉባ፣ ለማሳው ባለቤት ያው ሄዷል። የሚያዘው እዚሁ፣ ከመውረዱ በፊት፣ በእርከን ነው። በየዓመቱ በበጋ አባቶቻችሁ ለተፋሰስ ሥራ ሲጠሩ «ድንጋይ መደርደር ነው» ብላችሁ የምትቀሩ፣ ከእርከኑ በላይ በኩል በክረምት ስንት ስንዝር አፈር እንደተጠራቀመ ሄዳችሁ በእጃችሁ ለኩት።

ዛሬ ከጁምዓ ሰላት ስትወጡ ዝናብ ከጣለ ደግሞ የመንገዱን ቦይ እዩ። ውሃው የሚዘገይበት መታጠፊያ ላይ ትንሽ የአሸዋ ምላስ ይኖራል። ጫፉ አጠገብ ጠጠር አስቀምጡ። ከሚቀጥለው ዝናብ በኋላ ምላሱ ጠጠሩን አልፎት ወይም ከጠጠሩ ወደ ኋላ ቀርቶ ታገኙታላችሁ፣ ኢንሻአላህ።