ከለገሃር እስከ ኮርያ፤ ስለ ሻምበል ማሞ ሀብተ ወልድ

ከካዛንቺስ ተነሥቶ በእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ለገሃር የሚወርድ ተማሪ የዚህን ታሪክ መነሻና መንገድ በአንድ የእግር ጉዞ ያያል። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው፤ «ካዛ» ቤት ማለት ሲሆን «ኢንቺስ» የአሠሪው ድርጅት ስም ምሕጻር ነው። ወራሪው እዚህ ተደላድሎ ቤት እስከ መሥራት የደረሰው የመንግሥታት ማኅበር ቃሉን ስላልጠበቀ ነው። በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ቆመው አቤት አሉ፤ ማኅበሩም ሰምቶ ሲያበቃ ከጥቂት ቀናት በኋላ በኢጣልያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ።

በ1942 ዓ.ም. የኮርያ ጦርነት ሲነሣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባሎቹን ጦር ጠየቀ። ኢትዮጵያ እሺ ያለችው ያን የጄኔቭ ቀን ስላልረሳች ነው። ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከለገሃር በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያም በመርከብ ተጉዞ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ደረሰ። (ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ ለቃኚ ጦር ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።)

በዶርም ክርክራችን «የሰው ጦርነት ነበር፤ ምን አገባን?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም መልሱን ጨርሻለሁ አልልም። ነገር ግን የዘመቻው ፖለቲካ የዘማቹን ሥራ ሲሸፍንብን አይቼ ስለ አንድ ሰው ልጽፍ ተነሣሁ።

ማሞ ሀብተ ወልድ በግንቦት 1945 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከእኛ የማይበልጥ፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚገኙ ወጣት መኮንን ነበሩ። ፖርክ ቾፕ በሚባለው ኮረብታ አካባቢ፣ በሁለቱ ወገን ምሽጎች መካከል ባለው ባዶ መሬት፣ አንድ ቃኚ ጓድ እየመሩ ወጡ። ጓዱ 14 ኢትዮጵያውያንና አንድ አሜሪካዊ ነበሩበት። በድንገት 300 ያህል የቻይና ወታደሮች ከበቡአቸው። አራት ሰው ሞተ፤ አሜሪካዊውም ከሟቾቹ አንዱ ነው። የቀሩት በሙሉ ቆሰሉ። ራዲዮውም ስለ ተበላሸ ርዳታ መጥራት አልተቻለም።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምናለሁ። እኛ በልጅነታችን በቀረርቶና በፉከራ የሰማነው ጀግና ጎራዴ መዝዞ ወደ ፊት የሚሮጥ ነው። ማሞ ግን የሚሮጡበት ቦታ አልነበራቸውም። ሥራቸው ባሉበት መቆየት ነበር፤ ከቆሰሉት ሰዎቻቸው መሣሪያ እየወሰዱ መተኰስ፣ ደጋግሞ የሚመጣውን ጥቃት ደጋግሞ መመለስ። በመጨረሻ የሚሠራ ራዲዮ እጃቸው ሲገባ የመድፈኛውን ጦር ጠርተው እሳት እንዲወርድ አደረጉ። ክበባው የላላው በዚህ ነው። በእኔ አስተያየት ከጥይቱ ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ ቆስሎ፣ ሰዎቹ ዙሪያውን ወድቀውበት፣ ስለ ራዲዮ ማሰብ የሚችል አእምሮ። ድፍረት ብቻውን ያን አያደርግም፤ ትምህርትና ሥልጠናም አለበት።

ለዚህ ሥራቸው ከኢትዮጵያ ከፍተኛውን የጦር ሜዳ የጀብዱ ሽልማት፣ ከአሜሪካም ሲልቨር ስታር የተባለውን ኒሻን ተቀበሉ። በጠቅላላው ከቃኘው ጦር 121 ሰዎች ሲሞቱ 536 ቆስለዋል፤ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ደስ አያሰኝም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዦች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሲከሽፍ የጦሩ ስም አብሮ ወደቀ። (የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ሙከራውን ደግፈው ሰልፍ እንደ ወጡ አንርሳ።) ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ መንግሥቱ የሶሻሊስት አገሮች ወዳጅ ሲሆን፣ ከሰሜን ኮርያና ከቻይና ጋር የተዋጋ ሰው ኒሻኑን ደረቱ ላይ ሰክቶ መታየቱ የሚያኰራ መሆኑ ቀረ። በደቡብ ኮርያ ግን በቹንቾን ከተማ በ1960 ዓ.ም. ለቃኘው ጦር ሐውልት ቆሞ ነበር።

ሻምበል ማሞ ታሪካቸውን ለውጭ አገር ጋዜጠኛ ያወሩት ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ያን ቀን የገለጹት በቁጥር ነበር፤ ሦስት መቶ በዐሥራ አምስት ላይ።