ተራመድ፤ ግን አቅደህ ተራመድ!

«ሩጫ ተመዝግበህ ልትራመድ ነው?»

ይህን ሳቅ ያዘለ ጥያቄ ሰምተህ ይሆናል። ከሥራ ባልደረባህ፣ ከጎረቤትህ፣ ምናልባትም ከገዛ ወንድምህ። መልስህ አጭር ይሁን፦ «አዎ፣ ልራመድ ነው!»

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰው ተሳተፈ። በቅርብ ዓመታት ቁጥሩ ከ40,000 አልፏል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ኃይሌ ገብረሥላሴን ለመሆን የወጣ ይመስልሃል? በፍጹም! ከፊት ያሉት ለሰዓት ይሮጣሉ። ከኋላ እናት ከልጇ ጋር፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛሞች በቡድን፣ አባቶች ከሰፈር ልጆች ጋር ይራመዳሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ። ርቀቱ ግን ለሁሉም ያው 10 ኪሎ ሜትር ነው።

ታዲያ አንተ ለምን ቤት ቀረህ? «መሮጥ አልችልም» ብለህ?

ማን ዝም ብለህ ሩጥ አለህ!

አንድ ነገር ልብ በል። በሩጫ ላይ የሚራመዱ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ማስጀመሪያው ሲሰማ በሕዝቡ ሞቅታ ተፈናጥሮ ይወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ መሆኗን ይረሳል። አየሩ ስስ ነው። ገና ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ጎኑን ይወጋዋል። ከዚያ ተገዶ ይራመዳል፤ አንገቱን ደፍቶ፣ በራሱ ተናድዶ።

ሌላው ግን ገና ሲጀምር ይራመዳል። ጉልበቱ ሙሉ ሳለ። ሰው ሁሉ ሲያልፈው ፈገግ እያለ።

ይህ ሁለተኛው ሰው መሆን ትችላለህ። ስጦታ አይጠይቅም። ውሳኔ ነው የሚጠይቀው።

አሜሪካዊውን ጄፍ ጋሎዌይን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ተወዳድሯል፤ የኛው ምሩጽ ይፍጠር ነሐስ ባመጣበት ርቀት። መሮጥ የሚያውቅ ሰው ነው ማለት ነው። ታዲያ ጀማሪዎችን ማሠልጠን ሲጀምር ምን አስተማራቸው? ከመድከማቸው በፊት መራመድን! ሩጥ፣ ተራመድ፣ እንደገና ሩጥ። ዘዴው ዛሬ በስሙ ይታወቃል፤ በርካታ ሰዎችም ማራቶን ጨርሰውበታል።

አሁንም ታፍራለህ? እንግዲያው ሯጩን ቢል ሮጀርስን ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. በ1975 በቦስተን ማራቶን ላይ ጫማውን ለማሰር ቆሟል። ውሃ ለመጠጣትም ቆሟል፤ ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ። ውድድሩን በ2:09:55 አሸነፈ። አንደኛ የወጣው ሰው ለመቆም ካላፈረ አንተ ለመራመድ ታፍራለህ?

ምሥጢሩ ቀላል ነው። ስትሮጥ ሁለቱም እግሮችህ ለቅጽበት ከመሬት ይነሳሉ፤ መልሰህ መሬት ስትረግጥ ጉልበትህና ቁርጭምጭሚትህ ከክብደትህ ከእጥፍ በላይ ጫና ይሸከማሉ። ስትራመድ ግን አንዱ እግርህ ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው። ጫናው ይቀንሳል። ልብህ ይረጋጋል። በሩጫው የደከመው ጡንቻ ፋታ ያገኛል።

ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ብትራመድ 10 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ትጨርሳለህ። ሩጫ የሚባል ነገር ሳትነካ! ሁለት ደቂቃ በሶምሶማ፣ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ደቂቃ በፈጣን እርምጃ እያፈራረቅህ ብትሄድስ? ወደ 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ይወርዳል። በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ፈንድተው በሦስተኛው ከሚቀመጡት ስንቱን እንደምትቀድም አስበው።

ግን መራመድ ማለት መንሸራሸር አይደለም! ክርንህን እጠፍ። እጅህን ወደ ኋላ ግፋ። እርምጃህን አታስረዝም፤ አጭርና ፈጣን አድርገው። ዳገት ላይ ያለ ሐፍረት ተራመድ፤ ቁልቁለቱ ላይ ሶምሶማህን ታካክሳለህ። ወደ እርምጃ ስትገባ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ዳር ውጣ፣ እጅህን ከፍ አድርግ፣ ከኋላ የሚመጣውን አሳልፍ። አምስት ሆኖ እጅ ለእጅ ተያይዞ መንገድ መዝጋት ሌላውን ይጎዳል። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው። የማንም ሰው ሩጫ ያንተን ያህል ዋጋ አለው።

አንቺም እኅቴ፣ ከወለድሽ ወዲህ ስፖርት ላንቺ የሚሆን ካልመሰለሽ፣ ይህ መንገድ ላንቺ ነው። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ። ከዚያ ልማድ ይገንባ።

ልማዱ እንዴት ይገነባል? በሳምንት ሦስት ጠዋት። ሠላሳ ደቂቃ። ጫማህን ማታ አልጋህ አጠገብ አስቀምጥ። ቢያካፋም ውጣ። ሶምሶማ እያደረግህ ከጓደኛህ ጋር ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል፤ ቀንስ። ቅዳሜ ወይም እሑድ አንዱን ጉዞ አስረዝመው፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመርህ 8 ኪሎ ሜትር አድርሰው። ስምንቱን ከቻልህ አሥሩን ትችላለህ። ማይንድሴትህ የሚቀየረው እዚያ መንገድ ላይ ነው፤ አልጋ ላይ ተጋድመህ ቪዲዮ በማየት አይደለም።

የውድድሩ ቀን ከባዱ ፈተና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ናቸው። ሙዚቃው ይጮኻል። ሕዝቡ ይገፋል። ሰዓትህ «ተራመድ» ይልሃል፣ ልብህ «ሩጥ» ይልሃል። ሰዓትህን ስማ! ይለፉህ። ሕፃናትም ይለፉህ። ሽማግሌም ይለፍህ። በስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሰው ሁሉ ወገቡን ይዞ ሲቆም የአንድ ደቂቃ እርምጃህ ያልቃል፤ ያኔ ክርንህን እጠፍና በግራ በኩል እለፋቸው!