ሠኰናቸው ስለ ተከፈለ እንስሳት ወገንና ዝምድና

የእንስሳትን ወገን ለይቶ ማወቅ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ ነገር አይደለም። በወረዳው በሽታ በተነሣ ጊዜ የትኛውን ከብት ከገበያ ማገድ፥ የትኛውን መልቀቅ እንደሚገባ የሚያስተውል ሹም አስቀድሞ ይህን ዝምድና የተረዳ ነው።

ጽንሳቸውን በማኅፀን በእንግዴ ልጅ እየመገቡ ከሚወልዱት አጥቢዎች መካከል፥ ባለ ሠኰናዎቹ በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላሉ። እንግሊዛዊው ሊቅ ሪቻርድ ኦወን በ1848 እ. ኤ. አ. እነዚህን ወገኖች በእግራቸው ጣት ለያቸው። በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት እኩል የሚቆሙት አንድ ወገን ናቸው፤ እነርሱም በሬ፥ በግ፥ ፍየል፥ ግመል፥ ዐሣማ፥ አጋዘንና የመሳሰሉት ናቸው። ክብደታቸውን በመካከለኛው ጣት የሚያሳርፉት ፈረስ፥ አህያና አውራሪስ ሁለተኛው ወገን ናቸው። የአገራችን ገበሬ የቀንድ ከብትና የጋማ ከብት ብሎ መለየቱም ከዚህ ጋራ ይቀራረባል።

ነገር ግን መልክ ያሳስታል። በሲዳማ ዋና ከተማ በሐዋሳ፥ በሐይቁ የሚኖረውን ጉማሬ እንመልከት። ቀን በውኃ ውስጥ ይውላል፤ ማታ ወጥቶ በዳርቻው ሣር ይግጣል። በያንዳንዱ እግሩ አራት ጣት አለው፤ አያመሰኳም። ስለዚህ ሊቃውንት ብዙ ዘመን የዐሣማ የቅርብ ዘመድ ነው ሲሉ ኖሩ። በ1990ዎቹ እ. ኤ. አ. የዘር ውርስ የሚተላለፍበት ዲ ኤን ኤ ሲመረመር ግን፥ ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለጉማሬ የሚቀርበው ዘመድ የባሕሩ ዓሣ ነባሪ ሆኖ ተገኘ። በ2001 እ. ኤ. አ. ደግሞ በፓኪስታን የተገኙት የጥንት ዓሣ ነባሪዎች፥ በሁለት ጫፉ እንደ መዘውር የተቀረጸ የቁርጭምጭሚት አጥንት እንደ ነበራቸው ተገለጸ፤ ይህም አጥንት የበሬና የፍየል ወገን መለያ ነው። እንግዲህ ወገን የሚታወቀው በመልክ ሳይሆን በአጥንትና በዘር ነው።

ይህ ዝምድና በበሽታ ጊዜ ይታያል። በ1880 ዓ. ም. ወደ አገራችን የገባው የከብት ደስታ በክፉ ቀን ዘመን ከብቱን ፈጀ፤ ገበሬውም የሚጠምደው በሬ አጥቶ በረኃብ አለቀ። ደስታ ጐሽንና አጋዘንን ሳይቀር ሲያጠቃ፥ ፈረስንና አህያን አልነካም። ይህ በሽታ በ2003 ዓ. ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። አፍተግር ግን ዛሬም አለ፤ በሬን፥ በግን፥ ፍየልንና ዐሣማን ይይዛል፤ ግመል እምብዛም አይያዝም፤ የጋማ ከብት ከቶ አይታመምበትም። በአንጻሩ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ፈረስን ይገድላል እንጂ በሬን አይነካም።

ስለዚህ የየወረዳው ሹም የሚከተለውን ይጠብቅ።

1ኛ፤ አፍተግር ሲታይ በሬ፥ በግ፥ ፍየልና ዐሣማ በአንድነት ከገበያ ይታገዱ። በሬን አግዶ ፍየልን መልቀቅ በሽታውን ማዛመት ነው።

2ኛ፤ ፈረስና አህያ ባይታመሙም፥ በሠኰናቸው በተጣበቀ ጭቃ በሽታውን ያደርሳሉና በሽታ ከገባበት በረት አይውጡ።

3ኛ፤ አባ ሰንጋ ይህን የወገን ወሰን አያውቅም፤ በሬንም፥ ፈረስንም፥ ሰውንም ይገድላል፤ በ2004 እ. ኤ. አ. በኡጋንዳ ብዙ ጉማሬዎችን ገድሏል። ስለዚህ በሐይቅ ዳር ሞቶ የተገኘን ጉማሬ የእንስሳት ሐኪም ሳይመረምረው ማንም እንዳይነካው፥ ሥጋውንም ቈርጦ እንዳይወስድ ይከልከል።

ወገንን የሚያውቅ ሹም በሽታው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያያል፤ የማያውቅ ግን ከኋላው ይከተላል።