ውኃ ራሱ ማዳበሪያን ስለሚስብበት መሣሪያ

ልጆች ሆይ፤ በይፋግ ሽንኩርት የሚተክል ገበሬ ውኃን በሞተር ገፍቶ በቧንቧ ሲያጠጣ፥ ማዳበሪያን በውስጡ ሊቀላቅል ቢወድ እንዴት ያደርጋል? ቧንቧውን ቢበሳው ውኃው በግፊት ወደ ውጭ ይፈናጠራል እንጂ ማዳበሪያው አይገባም።

የኢጣልያ ሊቅ ቬንቱሪ በ1797 ዓመት፥ በፈረንጆች አቆጣጠር፥ ስለዚህ ነገር መርምሮ ጻፈ። ቧንቧው ከመካከሉ ሲጠብ ውኃው በዚያ ይፈጥናል፤ ሲፈጥንም ግፊቱ ይቀንሳል። ግፊቱ ከአየር ግፊት ባነሰ ጊዜ፥ በውኃ የሟሟው ማዳበሪያ ከዕቃው በቀጭን ቱቦ እየተሳበ ይገባል። ከዚያ በኋላ ቧንቧው ቀስ በቀስ ሊሰፋ ይገባዋል፤ የቀነሰው ግፊት አብዛኛው በዚህ ይመለሳልና።

ነገር ግን ሞተሩ ድንገት ቢቆም ማዳበሪያው ወደ ኋላ ተመልሶ የምንጠጣውን ጕድጓድ ሊበክል ይችላል። ስለዚህ ከመሣሪያው አስቀድሞ ውኃን ወደ ፊት ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይደረግ። አዝመራን የሚያለማው ውኃ ሰውን እንዳይጐዳ መጠንቀቅ የዐዋቂ ገበሬ ሥራ ነው።